የሰዓቱ ዓምድ

ዘሄግ፣ ላክ
ኅዳር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻምበል አበጋዝ፣

እንደምን ሰነበትክ ልበል ወይስ ቁጣህ እንደምን ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የላክ ሰፈርን ጠባብ ደረጃ ለምዶታል። ደብዳቤህን ሳነብ ግን ወረቀቱ ራሱ ይጮኽብኝ ነበር። ከዘሄግ ሮተርዳም የግማሽ ሰዓት ባቡር ነው፤ አንተ ግን አኩርፈህ፣ ስልክ አላነሣም፣ ደጅሽንም አልረግጥም ብለህ በቴምብር ትሰድበኛለህ። ይሁን። ታላቅ እህትህ ነኝ፤ ስድቡ በፖስታም ቢመጣ እቀበላለሁ።

አዎ፣ ስላንተ ለሄር ሊንደኮፕ ነግሬያቸዋለሁ። «በሰው ቤት ስሜን አንሺ ብሎ ማን አዘዘሽ?» ላልከው ማንም አላዘዘኝም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጠበቃህ፣ አድቮካቱ፣ ያለውን እኔም አብሬህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ጥር 24 ቀን ስለ ጥገኝነት ጥያቄህ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ፊት ትቀርባለህ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያ የበረራ መዝገብህ፣ ሎግ ቡክህ፣ ይዘረጋል። «አብራሪ መሆኔን ያስረዳልኛል» ብለህ ከአስመራ ጀምረህ በብብትህ ይዘኸው የመጣኸውን መጽሐፍ፣ ማንም ሳይጠይቅህ፣ ኮርተህ ቅጂውን ሰጠሃቸው። እሱ ደግሞ አምስት ቦታ ላይ በራስህ እጅ ጽሑፍ «መንደር ተደበደበ፤ ግዳጅ ተፈጽሟል» ይላል። መንደር የደበደበ ሰው እዚህ አገር ጥገኝነት አያገኝም። አንተ «ቦምቡን የጣልኩት ባዶ ወንዝ ውስጥ ነው፤ እንዲያ ብዬ የጻፍኩት እንዳልረሸን ነው» ትላለህ። እኔ አምንሃለሁ። እነሱ ግን እህቶችህ አይደሉም።

ሄር ሊንደኮፕ ማን ናቸው ላልከው፣ ጠዋት ጠዋት ቤታቸውን የማጸዳላቸውና ምሳ የምሠራላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የዛሬ አርባ ዓመት የጀርመን አየር ኃይል ኮሎኔል ነበሩ። አገራቸው የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት በተከለከለችበት ዘመን፣ በስፖርት ክበብ ስም ተደብቀው ሞተር በሌለው የጨርቅ ክንፍ መብረር ተማሩ። ስፔን ዘመቱ፤ ፖላንድ ዘመቱ፤ መጨረሻ ላይ ሩሲያ ላይ መቶ አውሮፕላን ያዝዙ ነበር። እንግሊዞች ማርከው አሰሯቸው፤ ሲፈቱ የሆላንድ ሴት አግብተው እዚሁ ቀሩ። አሁን የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። ዐይናቸው ስለደከመ ሎግ ቡካቸውን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ጀርመንኛ ባላውቅም ቁጥርና የቦታ ስም ለማንበብ ፊደል ይበቃኛል። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ለቴፑ ይተርካሉ።

ጀርመኖች ሮተርዳምን ከአየር ባቃጠሉበት በዚያ ማክሰኞስ? ብለህ እንደምትዘል አውቃለሁ። እሳቸው አልደበደቡም። በሬዲዮ የመመለሻ ጥሪ ድንበሩ ላይ ደርሷቸው፣ ቦምባቸውን እንደያዙ ከሁሉ ቀድመው ተመልሰው አረፉ። የመጽሐፉ እምብርት ይኸው ነው። ይህን ሲነግሩኝ አንተ ትዝ አልከኝና አፌ አላርፍ አለ። «የኔም ወንድም እንዲሁ አድርጓል» አልኩ። ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «አብራሪ ለአብራሪ ይመሰክራል፤ የሱን ሎግ ቡክ አምጪልኝ» አሉ።

ዋናው መጽሐፍህ በአደራ እንዳስቀመጥክልኝ እኔ ዘንድ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። የምጠብቀው «እሺ»ህን ብቻ ነው።

እህትህ የትነበርሽ


ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን
ኅዳር 19 ቀን 1976

ለእትዬ የትነበርሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሹራቡ ደርሶኛል፤ እጅጌው ይረዝማል፤ ዛሬም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እመስልሻለሁ መሰል፣ ገና እንዳድግ ትጠብቂያለሽ። እግዜር ይስጥልኝ።

መልሴ አይሆንም ነው። እንዳታወጪው። ከሻንጣሽ አውጥተሽ ለዚያ ሰውዬ ብታሳዪ እኔና አንቺ አበቃን።

እኔ የት እንደምኖር ረሳሽው? ከመሀል ከተማ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ሁሉ አዲስ ሕንፃ ነው፤ እንደገና አዲስ ሕንፃ፤ ከዚያ ድንገት የድሮ ቤት ይጀምራል። የፓንሲዮናችን ባለቤት፣ «ሜቭራው» የምንላት ወይዘሮ፣ በጣቷ እየጠቆመች እሳቱ እስከየት እንደደረሰ አሳይታኛለች። «እኔ ተመለስኩ» የሚል ጀርመናዊ አብራሪ ብታገኝ ምን እንደምትለው እንጃ። አየሽ፣ ከጦርነት በኋላ ሁሉም ተመላሽ ነው። ከተማዋን ታዲያ ማን አቃጠላት? ድንቄም ተመለሰ!

ደግሞስ «እንዲሁ አድርጓል» ብለሽ እኔን ከሱ ጋር ማወዳደርሽ! እሱ ለማን ነው የበረረው? እኔ ትእዛዝ ጥሼ፣ በረሃ አቋርጬ፣ ስሜን አስሰርዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይሉሻል ይኸ ነው። የሱን ምስክርነት ከምለምን የመርከብ ሆድ ሳጥብ ብሞት ይሻለኛል።

ስለ ሥራው ለጠየቅሽኝ፣ ከባድ ቢሆንም ሰው አለኝ። ስለ ዓንደብርሃን ነግሬሻለሁ፤ አማርኛውን መርካቶ ጋራዥ ሲሠራ የተማረ፣ ስልሳ ሊሞላው የደረሰ ኤርትራዊ። የምናጥበው የመርከብ ጋን፣ የነዳጅ ታንኩ ውስጥ፣ አንዱ በገመድ ይወርዳል፣ ሌላው ከላይ ይይዛል። እሱ ሲወርድ እኔ እይዛለሁ፤ እኔ ስወርድ እሱ። ምሳ ሰዓት ዳቦውን ገምሶ ይሰጠኛል። ባለፈው «አየር ኃይል ነበርክ አሉ» አለኝ። «ነበርኩ፤ ግን ሰው ላይ አንድም ቀን አልጣልኩም» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የቀረውንም ግማሽ ሰጠኝ።

ስለዚህ እኔ የማንም ምስክር አያስፈልገኝም። አይሆንም ብያለሁ።

አበጋዝ


ዘሄግ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1976

ለወንድሜ ለአበጋዝ፣

ይቅር በለኝ። አሳየኋቸው። «አበቃን» ብለሃል፤ እንኳን በደብዳቤ በፍርድ ቤትም ከኔ አትፋታም፣ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብብ።

መጽሐፍህን መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። አምስቱ መስመር ላይ ስደርስ «ግዳጅ ተፈጽሟል የሚለውን ተዪው» አሉ። «አስተያየት የሚጽፈው አብራሪው ነው፤ አብራሪ እንደ ማንም ሰው ይዋሻል። የሰዓቱን ዓምድ አንብቢልኝ። ሰዓቱን የሚሞላው መሬት ላይ የተቀመጠ የመቆጣጠሪያ ማማው ጸሐፊ ነው፤ እሱ ምን አስዋሸው?» አነበብኩ። አራተኛው በረራ ሃያ አራት ደቂቃ። አምስተኛው ሃያ ስድስት። ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። ካርታ አስመጥተው በጣታቸው ለኩልኝ፤ ከአስመራ መንደሮቹ ያሉበት ደርሶ ለመመለስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። በሃያ አራት ደቂቃ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከመመለስ በቀር ሌላ አይቻልም። «ወንድምሽ መንደሩን በዐይኑም አላየው» አሉ። አልቅሻለሁ፤ ምን ልደብቅህ። ወለሉን እያጸዳሁ አለቀስኩ።

ይህንን በፊርማቸው ይጽፉልሃል። አድቮካቱም በስልክ ስነግረው «ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም» አለ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቦት 6 ቀን፣ በፈረንጅ ሜይ 14፣ ሮተርዳም በተቃጠለችበት ዕለት፣ መጽሐፋቸው እዚያው ሲመረቅ አጠገባቸው እንድትቆም። «ሁለት የተመለሱ አብራሪዎች» ተብሎ ፎቶ ሊነሣ።

አሁን ደግሞ እጄን ያሰረውን ልንገርህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆንብኝ። ያን የሰዓት ነገር ከተማርኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። በማግስቱ እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው ያቺን ማክሰኞ ገለጥኩ። ድንበር ላይ ተመለስኩ፣ ከሁሉ ቀድሜ አረፍኩ አይደል የሚሉት? የጸሐፊው ሰዓት ግን ሙሉ ነው። ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ደርሰው ከተመለሱባቸው በረራዎች አንድ ደቂቃ አያንስም።

ከዚያ ያንተን መጽሐፍ እንደገና ገለጥኩ። አበጋዝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት በረራዎችህስ? ሃምሳ፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ።

ሽማግሌውን ስለ ሦስቱ ጠየቅኳቸው። «በዝምታ እናልፋቸዋለን፤ ሁለቱን ያየ አምስቱንም ያምናል» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔም አንዷን አልፌያታለሁ» አሉ። ማየቴን አያውቁም። እንዲያው ሽማግሌ ሲደክመው እንደሚለው አሉት።

እኔ ግን አንተን እጠይቅሃለሁ። ሦስቱስ?

የትነበርሽ


ዴልፍስሃቨን
ታኅሣሥ 20 ቀን 1976

እትዬ፣

ስለ ሦስቱ አትጠይቂኝ።

ለገና እንዳትጠብቂኝ። ፈረቃ አለብኝ። የላክሽውን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አበጋዝ


ዘሄግ
ጥር 2 ቀን 1976

አንተ ልጅ፣

ሻምበል ያልኩህን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ። ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ለኔ? እማማ ስትታመም በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ ያሻገርኩህ እኔ ነኝ። ጡት ስትጥል ያባበልኩህ እኔ ነኝ። «አትጠይቂኝ» ይለኛል! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ።

ለቅሶህን ፈልጌ አይደለም የጠየቅኩህ። ከሰማይ ምን እንደጣልክም አይደለም ዋናው የሚያስፈራኝ፤ ያደረግከውን አድርገሃል፣ ከኔ ጋር ሆነህ አላደረግከውም። የሚያስፈራኝ በሰማንያ አንድ ዓመትህ፣ ጉልበትህ ላይ ብርድ ልብስ ደርበህ፣ ለአንዲት የሰው አገር ሠራተኛ ያንኑ ውሸት ስታስነብብ ነው። በየቀኑ ሽማግሌው ቤት አየዋለሁኮ! በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምሩበታል። አሁን ደግሞ የመመለሻው ጥሪ በማን ድምፅ እንደመጣ ማስታወስ ጀምረዋል።

ደብዳቤው ተጽፏል። ተፈርሞ፣ ታሽጎ፣ እኔ መደርደሪያ ላይ ነው። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ፈቃድህን ያስገኝልሃል። እሺ ካልክ ለአድቮካቱ እወስደዋለሁ፣ ቃል አይወጣኝም። እህትህ ነኝ፤ ከአገር ሲያባርሩህ ቆሜ አላይም። ግን እኔን አትዋሸኝ። ለኔ ስትል ሳይሆን ለራስህ። እሺ ወይ እምቢ ብለህ ጻፍ፤ ሦስቱን ግን ንገረኝ።

የትነበርሽ


ዴልፍስሃቨን
ጥር 10 ቀን 1976

እትዬ የትነበርሽ፣

ይህን አምስተኛ ጊዜ መጻፌ ነው። አራቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ሦስቱ እውነት ናቸው። ደርሻለሁ። ጥያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከላይ ያየሁት ድንጋይ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ትንንሽም ነበረበት። የተባልኩት «የወንበዴ ጦር ሰፈር» ነበር። ወንበዴም ልብስ ያጥባል አልኩ። በነዚህ ቃላት ነው ራሴን ያታለልኩት፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ስመለስ መዝገብ ክፍል ገብቼ «ግዳጅ ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን እውነት ነበር። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ምሳ በላሁ፤ ደህና አድርጌ በላሁ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ በመጀመሪያው መንደር ላይ አለፍኩ። የተሰጣ ልብስ አልነበረም። የሚያሰጣ ሰው ስለሌለ ነው። እንዲያም ሆኖ ሦስተኛው ዘንድ ደርሼ ጣልኩ፤ እጄ ለምዶ ነበርና። የደረቀው ከዚያ በኋላ ነው። አራተኛውንና አምስተኛውን ወንዝ ውስጥ ጥዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ ከድቼ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ እውነት ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ውሸት። የምኮራውም በውሸቶቹ ነው። የሆንኩት ሰው ይኸ ነው።

በዚያ ሰውዬ ላይ ለምን እንደዚያ እንደጮኽኩ አሁን ገባሽ። እሱን ሳልሰድብ መተኛት አልችልም ነበር።

እምቢ። ደብዳቤውን መልሽለት። ፎቶውንም ብቻውን ይነሣ። ጥር 24 ቀን የሰዓቱን ዓምድ ራሴ እገልጥላቸዋለሁ፤ ሁለቱንም አሳያለሁ፣ ሦስቱንም አሳያለሁ። ያባርሩኝ እንደሆነ ያባርሩኝ፤ ከነሙሉ መጽሐፌ ያባርሩኝ። በሱ ፊርማ ተከልዬ ከምቀር ግን አልቀርም። በአንድ ነገር ብቻ ልበልጠው እፈልጋለሁ፤ እሱ አርባ ሦስት ዓመት የፈጀበትን እኔ በሰባት ዓመት ወጥቼዋለሁ።

ለዓንደብርሃን አልነገርኩትም። ሚኒስቴሩን አልፈራም። የሱን ዳቦ ነው የምፈራው።

ወንድምሽ አበጋዝ


ዘሄግ
ጥር 15 ቀን 1976

የኔ አበጋዝ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ያንን ልብስ አሁን እኔም አየዋለሁ። አላጽናናህም፤ ልብሱ የተሰጣው ለማጽናኛ አልነበረም። ግን ልጄ ነህ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደገና ልጄ ነህ።

ደብዳቤውን መለስኩለት። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቅዳሜ ጠዋት ቴፑን ከፈተ፤ ያቺን ማክሰኞ እንደ አዲስ ሊቀዳት። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ቀን፣ የአውሮፕላን ቁጥር፣ መነሻ። ሌላ ጊዜ ሰዓቱን ዝለዪው ይለኝ ነበር። ያን ቀን አልዘለልኩም። ጮክ ብዬ፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቴፑ ይዞራል። «ድገሚው፤ ሰዓቱን ተዪ» አለ። «ማማው ጽፎታል» አልኩት። «ድንበር ላይ የተመለሰ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ የት ቆየ?»

ፊቱ ነጣ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድምሽ ሦስት መንደር እንዳለበት አትርሺ። አንድ ስልክ ይበቃል።»

እሳት ለብሼ እሳት ጎረስኩ። እስከዛሬ አንቱ ስል የኖርኩትን ሰውዬ በሆላንድኛ አንተ አልኩት። «አዎ አለበት። ራሱ ነግሮኛል፤ በቅርቡ ለሚኒስቴሩም ይነግራል። አንተን ማን ይንገርልህ?» ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አኖርኩ። የምሳውን ድስት ከእሳት አወረድኩለት፤ እንዲቃጠል አልፈለግኩም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

የላከኝ መሥሪያ ቤት «ደንበኛ አስቀይመሻል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል። ምን አባቱ! ሌላ ሽማግሌ ይሰጡኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አሮጌ አብራሪ እንዲህ ዓይነት ተረት የለውም መሰል።

መጽሐፍህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ለዓንደብርሃን ከሚኒስቴሩ በፊት ንገረው። የሰማው ከሌላ ሰው ከሆነ አራተኛ መንደር ነው የምትደበድበው።

የትነበርሽ


ዴልፍስሃቨን
የካቲት 21 ቀን 1976

እትዬ የትነበርሽ፣

ይህን ያህል ለመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። «ሞተህ ነው ቆመህ?» ያልሽበትን ካርድ ዛሬ አገኘሁት። ቆሜ ነኝ።

ለዓንደብርሃን ከጥያቄው ቀን በፊት ነገርኩት፣ እንዳልሽው። ምሳ ሰዓት ነበር። ዳቦውን ሊገምስ ሲል «ቆይ» አልኩት። ነገርኩት። ዳቦውን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለና ተነሥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጋን ውስጥ የመውረድ ተራው የኔ ነበር። ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው። መውረጃው አፍ ላይ ቆሜ አየሁት። አያየኝም። እጁን ዘረጋ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ «ውረድ» አለኝ። ወረድኩ። እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ተይዤ አላውቅም።

ጥር 24 ቀን ሁሉንም ተናገርኩ። የሰዓቱን ዓምድ ራሴ አሳየሁ። ጠያቂዋ ወጣት ሴት ናት፤ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ «የሦስቱ መንደሮች ስም ማን ነው?» አለችኝ። እትዬ፣ አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ያለው የካርታ ቁጥር ብቻ ነው። ስማቸውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከጥያቄዎቿ ሁሉ ያሳፈረኝ ይኸኛው ነው።

መጽሐፉን ወስጄ ለዓንደብርሃን ሰጠሁት። «ስማቸውን አላውቅም» አልኩት። ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት ያዘው። በሮተርዳምና በአምስተርዳም ያሉ የአገሩን ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት እንደዞረ በኋላ ሰማሁ። ሰዎቹ የካርታ ቁጥር አያውቁም፤ ቀኑን ግን ያውቃሉ። ቀኑን ሁሉም ያውቃል።

ባለፈው ሰኞ መለሰልኝ። በሦስቱ መስመር፣ «ግዳጅ ተፈጽሟል» ከሚለው የኔ ጽሑፍ ሥር፣ በእርሳስ፣ በሱ እጅ፣ የመንደሮቹ ስም ተጽፏል። ፊደላችን አንድ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ከመንደሮቹ ስም ሥር ደግሞ የሰው ስም አለ። ሁሉም አይደለም፤ የተገኘው ያህል። አስያ የምትባል አለች። የሦስት ዓመት ልጅ ናት ይላል።

«ከእንግዲህ አብረን አንበላም» አለኝ ዓንደብርሃን። «ገመዱን ግን እይዝልሃለሁ፤ አንተም ያዝልኝ።» እሺ አልኩ።

ስለ ውሳኔው ለጠየቅሽኝ፣ አድቮካቱ ትናንት ጠርቶ ነግሮኛል። ጥገኝነቱ ተከልክሏል። አገር ቤት እንደሚረሽኑኝ ስለሚያምኑ አይመልሱኝም፤ ወረቀትም አይሰጡኝም። «ያንን የኮሎኔሉን ደብዳቤ ብታቀርብ ኖሮ...» አለኝ። አልጸጸትም። ያለ ወረቀት መኖር እችላለሁ፤ ያለ ስም የኖሩ አሉ።

ጋዜጣ ላይ አይተሽ ይሆናል። የሰውዬው መጽሐፍ ምረቃ አልቀረም፤ ግንቦት 6 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እዚሁ ሮተርዳም ነው። መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ እሄዳለሁ። ሜቭራውም አብራኝ ትሄዳለች፤ ነግሬያታለሁ፣ የኔንም የሱንም። አንቺም ነይ፤ የማክሰኞዋን ሰዓት ከነደቂቃው የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቴምብር አትግዢ፣ ባቡር ተሳፈሪ፤ ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ሹራቡን ለብሼ ታገኚኛለሽ፤ እጅጌውን አጥፌዋለሁ።

«ድንበር ላይ ተመለስኩ» ሲል እጄን አነሣለሁ። ሰዓቱን ግን ወዲያው አልጠይቀውም። መጀመሪያ የራሴን መጽሐፍ ገልጬ፣ ቆሜ፣ ሦስቱን መንደሮች በስማቸው አነባለሁ፤ አስያንም አነባለሁ። ከዚያ ነው አንቺ የምትነሺው።

ወንድምሽ
አበጋዝ